መርዙን ከስኳር ጋር የሚያስተሳስሩ የባሕር አልጌዎች

ባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ድንጋዮች ላይ የተለጠፈውን ሙልጭልጭ አረንጓዴ አልጌ በጣቴ ፍቄ ባየሁ ቁጥር፣ በጨዋማው ባሕር የሚኖሩት ዘመዶቹ ይታወሱኛል። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም የሚደርስ አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይዟል፤ መጠኑ ጥቂት ቢመስልም አልጌው ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በዚሁ ውስጥ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከመመሳሰል ነው። የጎጃም ገበሬ በማዳበሪያ አማካኝነት ለጤፉ የሚሰጠው ፎስፌት ለአልጌም የግድ ያስፈልገዋል፤ አርሴኔት የተባለው የአርሴኒክ ዓይነት ግን ከፎስፌት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ለፎስፌት በተከፈተው በር ገብቶ ሴሉ ኃይል የሚያመርትበትን ሥራ ያውካል። አልጌው በሩን እንዳይዘጋው ደግሞ ፎስፌት አጥቶ ይራባል።

ስለዚህ የገባውን አርሴኔት በመጀመሪያ አርሴናይት ወደተባለ ሌላ የአርሴኒክ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ከዚያም ከፊሉን ወደ ውጭ ያስወጣል፣ የቀረውን ደግሞ ደረጃ በደረጃ ቀይሮ ከስኳር ጋር ያስተሳስረዋል። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ መካከለኛው ደረጃ ነው፤ አርሴናይት ከአርሴኔት ይልቅ መርዛማ ሆኖ ሳለ፣ አልጌው ወደ ደኅንነቱ የሚደርሰው በዚያው አልፎ ነውና። የመጨረሻው ውጤት፣ አርሴኖሹገር፣ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ከሚገኝ ቡናማ አልጌ ለይተው ያወቁት በ1981 እ.ኤ.አ. ነበር።

ካድሚየም ለተባለው ሌላ መርዛማ ብረት ዘዴው የተለየ ነው፤ ድኝ ያለባቸው አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ብረቱን ይዘው ያስሩታል።

ሁሉም አልጌ ግን እኩል አይደለም። ጃፓናውያን የሚመገቡት ሂጂኪ ብዙውን አርሴኒክ ሳይለውጥ ስለሚያከማች፣ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ እንዳይበላው መክሯል።