ውስጡን ለቄስ፤ የቄሱንስ ለማን?

ላዩ አምሮ ውስጡ የማይታወቅ ነገር ሲገጥመው ሰው «ውስጡን ለቄስ» ይላል። እኔ ለአሥራ ስድስት ዓመት ያ ቄስ ነበርሁ፤ የካቶሊክ ካህን። ከአሥራ ስድስቱ አሥሩን ዓመት አንድ ሌላ ካህን ስወድ፣ እርሱም እኔን ሲወድ፣ ሁለታችንም ይህንኑ ስንደብቅ ኖርን። እንዴት እንደ ደበቅን፣ በኋላም እኔ እንዴት እንዳቆምሁ ልጻፍ። የእርሱን ስምም ሆነ ሀገረ ስብከታችንን አልጠራም፤ እርሱ ዛሬም ካህን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መደበቅን ያስተማረኝ ፍቅር አይደለም፤ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ «ልዩ ወዳጅነት» የሚሉት ነገር እንደ ተስቦ ይፈራ ነበር። «ሁለት ፈጽሞ፣ ሦስት ዘወትር» የሚል የላቲን ምክር ነበረን፤ በእግር ለመንሸራሸር ስንወጣ እንኳ ሦስተኛ ሰው እንፈልግ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ ወንድ እንደምወድ ለመንፈሳዊ መሪዬ ነገርኋቸው። ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ተማሪ ለክህነት ይብቃ ወይስ ይሰናበት ተብሎ ሲመከር፣ የመንፈሳዊ መሪውና የንስሐ አባቱ አስተያየት ፈጽሞ እንዳይጠየቅ የሕገ ቀኖና ቁጥር 240 ይከለክላል። ስለዚህ የነገርኋቸው ከእርሳቸው እንደማያልፍ አረጋገጡልኝና «ከእንግዲህ ግን ለማንም አትንገር» አሉኝ። ከክፋት የመጣ ምክር አልነበረም። ሕጉ ለመተንፈሻ የሠራልኝን ጠባብ ክፍል መኖሪያዬ ያደረግኋት እኔው ነኝ።

ዲቁና ስቀበል ሳላገባ በንጽሕና ለመኖር ቃል ገባሁ፤ ስገባም ከልቤ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው «ለምን አታገባም?» የማይባልበት ሕይወት ለእኔ ዓይነቱ ወጣት ምን ያህል እፎይታ እንደ ነበረ ግን አልክድም። የትኛው ጥሪ፣ የትኛው ሽሽት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ለይቼ አልጨረስሁም።

በኅዳር 2005 ከቫቲካን አንድ መመሪያ ወጣ። «ሥር የሰደደ» የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያለው ሰው ዘርዐ ክህነት እንዳይገባ፣ ክህነትም እንዳይቀበል ያዝዛል፤ ዝንባሌው አላፊ ከሆነ ደግሞ ዲቁና ከመቀበሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀድሞ መወገድ አለበት። ሰነዱን ለተማሪዎች እንዳብራራ የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። አብራራሁም! ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን «ሥር የሰደደ»፣ በሌላው «አላፊ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ። ከወር በኋላ ጓዙን ይዞ ሄደ። ቀርቦ ሊያነጋግረው የሚገባ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ፤ በመስኮት አየሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ስለ ፍቅሬ ተናዝዤ አውቃለሁ። ስለዚያ ሰሌዳ ግን ለብዙ ዓመታት አልተናዘዝሁም፤ ኃጢአት መሆኑ አልታየኝም ነበር።

ከምወደው ካህን ጋር የተገናኘነው በ2007 ነው። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል፤ የጎረቤት ቁምስና (አጥቢያ) ቆሞስ ሆኖ መጣ። አጀማመሩ ብዙ የሚተረክ የለውም፤ አንድ ሰው በቀልድህ ሳቀ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መሸ።

ድበቃው ግን ይተረካል። የዕረፍት ቀናችን ሰኞ ነበር፤ ሁለት ሰኞ ከተገናኘን ሦስተኛውን ሆን ብለን እንዘላለን። በካህናት ስብሰባ እኔ ያቀረብሁትን እርሱ ይቃወማል፣ እርሱ ያቀረበውን እኔ አጣጥላለሁ። «እነዚህ ሁለቱ አይዋደዱም» የሚል ወሬ የሰማን ቀን እንደ ልጅ ፈነደቅን። በስልክ የምንላላከው የመዝሙር ቁጥር ብቻ ነበር፤ በካህናት መካከል የመዝሙር ቁጥር ማን ይጠረጥራል? 133 ከሆነ፣ ወንድሞች በኅብረት ሲቀመጡ እንዴት ያማረ እንደሆነ የሚለው ነውና፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ና ማለት ነው። 39 ከሆነ አትደውል፤ እዚያ መዝሙረኛው ዝም እንዳለ፣ ለበጎ ነገር እንኳ ዝም እንዳለ ይናገራል። ሰሙ ጸሎት፣ ወርቁ ፍቅር፤ ባለቅኔዎች የሆንን መስሎን ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረን አክብሮት ነው። በሰው ፊት «አባ፣ እርስዎ»፣ ለብቻችን «አንተ»። አንደበት በቀን ስንት ጊዜ ይገለበጣል? በአንድ የምእመናን ጉባኤ ላይ ከረጅም ቅዳሴ በኋላ ቆሞ ሲናገር ፊቱ ሲገረጣ አየሁና «ደክሞሃል፣ ተቀመጥ» አልሁት። በአዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት። አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «አብረው ተምረው ይሆናል» ሲሉ ሰማሁ። አብረን አልተማርንም። «ደክሞዎታል» ማለት ሲገባኝ ባመለጠችኝ በአንዲት «ሃ» ምክንያት ሦስት ወር ሳንገናኝ ቀረን።

እንዲህ ያለው ሁሉ ሲያልፍ ያስቃል። የማያስቀው ኑዛዜው ነው። ስድስተኛውን ትእዛዝ፣ «አታመንዝር»ን፣ አብሮት የተላለፈን ሰው ካህኑ ራሱ ሊፈታው አይችልም፤ ከሞት አደጋ በቀር ፍትሐቱ ዋጋ የለውም ይላል የሕገ ቀኖና ቁጥር 977። የሚሞክር ካህን በድርጊቱ ብቻ ይወገዛል፤ ውግዘቱን የምታነሣውም የሮም ቅድስት መንበር ናት። እኔ ሕጉን በዚህ ላይ አልነቅፈውም፤ ሁለት ሰዎች በጓዳ እየተፈታቱ እንዳይኖሩ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሁለታችንም ሩቅ እየሄድን፣ ለማያውቁን ካህናት እንናዘዝ ነበር። እኔም «ከአንድ ሰው ጋር በድያለሁ» እላለሁ። «ሰው»! ወንድ ይሁን ሴት አልልም፣ ካህን መሆኔንም አልናገርም። ተናዛዡ እኔ፣ ቅኔውን የማይፈታው የንስሐ አባት፤ ተፈትቼ እመለሳለሁ፣ ልቤ ግን እንደ ታሰረ ነው። ማግስቱን ደግሞ እኔው ሰው አናዝዛለሁ። የሰማሁትን አልናገርም፤ የኑዛዜው ማኅተም ከክህነት ልብሱ ጋር አይወልቅም። ስለ ራሴ ድምፅ ግን መናገር እችላለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዋህ የነበረው ድምፄ እየሻከረ ሄደ። ከራሴ በጣም የሚቀርበውን ሰው ከሁሉ አብልጬ እቆጣ ነበር።

በ2013 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከብራዚል ሲመለሱ በአውሮፕላን ውስጥ ስለዚሁ ነገር ሲጠየቁ፣ ወንድ ስለሚወድና እግዚአብሔርን ስለሚፈልግ ሰው «የምፈርድበት እኔ ማን ነኝ?» አሉ። ያን ማታ 133 ላከልኝ። በ2015 ክሺሽቶፍ ካራምሳ የሚባል፣ በቫቲካን የእምነት ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ፖላንዳዊ ካህን፣ ስለ ቤተሰብ የሚመክረው የጳጳሳት ሲኖዶስ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ከወዳጁ ጋር ቆሞ ስለ ራሱ በይፋ ተናገረ፤ በዚያው ቀን ከሥራው ተነሣ። በምሳ ገበታችን ላይ ተሳቀበት። ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። በታኅሣሥ 2016 የወጣው አዲሱ የካህናት ሥልጠና ደንብ የ2005ቱን ክልከላ እንዳለ ደገመው።

እንድወጣ ያደረገኝ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ የቁምስናው ገንዘብ ነው። ከምእመናን የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ እጅ እየጎደለ መሆኑን መዝገቡን ሳገላብጥ ደረስሁበት። ጠርቼ ቁጥሩን አሳየሁት። አልተቆጣም፣ አልካደም። መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋና «ወዳጅህ እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ። ይህን ብቻ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አላስፈለገውም። መዝገቡን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት።

በዚያች ሌሊት ቤታችን እንዴት እንደሚሠራ ገባኝ። ለካ የእኔን ምስጢር የጠበቀልኝ ርኅራኄ አልነበረም፤ ብድር ነበር። አንዱ ሴትና ልጅ አለው፣ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ይሰርቃል፣ እኔ ወንድ እወዳለሁ፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁለት አዋቂዎች ተዋድደው መኖርና ሕፃንን መድፈር ከቶ አንድ አይደሉም፤ አንድ የሚያደርጉትን ሰዎች እቃወማቸዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱንም የሚከልለው መጋረጃ ያው አንዱ ነው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለ ሰው ደግሞ ገልጦ መመስከር አይችልም። እኔ ለገንዘብ ምስክር መሆን ካቃተኝ፣ ከዚያ ለከፋ ነገር እሆናለሁ ብዬ ራሴን ማመን አቃተኝ። 39ን እንደ ምልክት ስንጠቀምባት ኖረን፣ ለበጎ ነገር እንኳ ዝም ያልሁት ሰው እኔው ሆንሁ።

እንደምወጣ በመጀመሪያ የነገርሁት ለወዳጄ ነው። እንግሊዛዊውን ካርዲናል ኒውማንን አብዝቶ ይወዳል፤ በ1875 የሞተው ወዳጃቸው አምብሮዝ ሴንት ጆን ባረፈበት መቃብር ውስጥ እንዲቀበሩ አጥብቀው አዝዘው በ1890 እዚያው የተቀበሩትን ማለት ነው። ስለ ኒውማን ልብ የምለው የለኝም። እርሱ ግን «እኛም እንዲያ ቢደረግልን» ይል ነበር። ያን ቀን ምርር ብዬ «አብሮ መቀበርማ ይፈቀዳል፤ ችግሩ አብሮ መኖር ነው» አልሁት። ዝም ብሎኝ ቆየና «እኔ ከካህንነት ሌላ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። አንተ ሂድ» አለኝ። በደለኝ አልልም።

ከዚያ በኋላ ለእህቴ ነገርኋት፤ የማድርበት ቤት ያስፈልገኝ ነበርና። ይህን ለሌሎችም የምመክረው ነው፤ ካህን ሲወጣ ቤቱን፣ ሥራውንና መጠሪያውን በአንድ ቀን ያጣል፤ በቁጣ ቀን የሚወጣ ሰው ማደሪያ አያገኝም። ስምንት ወር ጠብቄ፣ በማታ ትምህርት የሒሳብ አያያዝ ተምሬ (የሒሳብ መዝገብ ነበርና ያነቃኝ)፣ በ2017 ጳጳሱ ዘንድ ገባሁ። ስለ ራሴም ስለ ገንዘቡም ነገርኋቸው። «ሌላው ማን ነው?» አሉኝ። «የመጣሁት ስለ ራሴ ነው» አልሁ። ማመልከቻው ላይ ብቸኝነት ከብዶኛል ብዬ እንድጽፍ መከሩኝ፤ ለእኔም ለእርሳቸውም የሚቀልለው እርሱ ነበር። ወንድ እንደምወድ፣ ቃሌን እንዳልጠበቅሁና ሁለት ሆኜ መኖር እንዳልቻልሁ ጻፍሁ። ቅኔ ሰለቸኝ።

ካለ ጋብቻ የመኖርን ግዴታ የሚያነሡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ብቻ ናቸው። ለእርሳቸው የተጻፈ ልመና፣ የሕይወት ታሪክ፣ የምስክሮች ቃልና የጳጳሱ አስተያየት ተያይዞ ወደ ሮም ይሄዳል። የእኔ መልስ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ሲመጣ አጭር ወረቀት ነው። ክህነቱ ራሱ አይፋቅም፤ ሊሞት ያለ ሰው ባገኝ ዛሬም ላናዝዘው እችላለሁ፤ በዚያች ሰዓት ቁጥር 977 እንኳ ይለቃል። ገንዘቡን የወሰደው ሰው ወደ ሌላ ቁምስና ተዛወረ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ነገር አልሰማሁም።

ባለፈው ዓመት ወዳጄ በሚቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወንበር ተቀምጬ አስቀደስሁ። ሲወጡ ምእመናኑን በር ላይ ቆሞ ይሰናበታል። ተራዬ ደረሰ። እኔ አሁን ተራ ምእመን፣ በዕድሜም ታናሹ ነኝ፤ በሰው ፊት አንተ ቢለኝ የሚጠረጥር የለም።

«መጣህ?» አለኝ፣ እጄን እንደ ያዘ። «ደህና ነህ? ከሳህ እኮ።»

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት። «እርስዎስ እንዴት ነዎት፣ አባ?»