ዋዟ ዳገት ላይ ለምን ትታፈን ነበር?

ዋዟን የገዛኋት በ2008 ዓ.ም ክረምት ላይ ነው። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ ከወጣች በኋላ ሁለት እጅ ቀይራለች። እኔ ሦስተኛው ነኝ። ሸራዋ ተቀዳዷል። የሾፌሩ ወንበር ስፖንጅ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ሻንሲዋ ግን አልዛገም፤ ሞተሯም ብዙ ሳታስለምን ትነሣለች። ሻጩ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና «የጦር ሠራዊት ናት፤ ቀለሟን አታይም?» አለኝ። አረንጓዴውን አየሁና አመንኩ።

ዋዝ የምንላት ሩሲያ ውስጥ በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በኡሊያኖቭስክ ከተማ የምትሠራው መኪና ናት። የእኔዋ 469 የሚባለው ሞዴል ነው። ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ነው። ወደ እኛ አገር በደርግ ዘመን ከኡራልና ከዚል የጭነት መኪኖች ጋር ገባች። ብዙ ሰው ዋዝ ሲባል መኮንንና ካድሬ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ትዝ የሚለኝ አባቴ ነው። የእርሻ ባለሙያ ስለነበር ገጠር የሚወጣው በዋዝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሲመለስ ጃኬቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ያንን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ገና ዳገቱ ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለች። ወደ ሁለተኛ መለስኩ። ነዳጁን በረገጥኩት ቁጥር ጉልበት መጨመሯ ቀርቶ ትታፈናለች። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ጥቁር ጭስ ነው። እንጨት የተሸከሙ እናቶች አፍንጫቸውን ይዘው ዳር ወጡ። በጣም አፈርኩ።

ጋራዥ ወሰድኳት። «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ» አሉኝ። ሞተሩ ወረደ። ፋሻ ተቀየረ፣ ቫልቮላ ተፈጨ፣ የቴስታታ ጋርኒሽን አዲስ ገባ። 38 ሺህ ብርና ሁለት ወር ሄደ። ዘይት መብላቷ ቀነሰ፤ ይህን አልክድም። እንጦጦ ላይ ግን ያው ሁለተኛ ማርሽ፣ ያው ጥቁር ጭስ። እንደገና ስመለስላቸው «ዋዝ እኮ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ? የጃፓን ሞተር እንግጠምልህ» አሉኝ። ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያዳነኝ ሶማሌ ተራ ያገኘሁት ሰው ነው። የካርብራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) መርፌ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «የምን መኪና ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። በምሥራቅ ጦር መካኒክ ነበሩ፤ ኦጋዴን ውስጥ ስንት ዋዝ ፈተው እንደገጠሙ አይቆጥሩትም። «አምጣትና ልያት» አሉኝ።

በማግስቱ ወሰድኳት። ጋሼ መጀመሪያ ኮፈኑን አልከፈቱም። ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ገቡ። ትንሽ ቆዩና «ና፣ ግባ» አሉኝ። ጎን ለጎን ተጋደምን። «ይሄ አክስል ከጎማ ጎማ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አየኸው? የጦሩ እንዲህ አይደለም። የጦሩ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ነው የሚገባው፤ ጎማው ጋ ሲደርስ በሌላ ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። አንተ የገዛኸው የሲቪሉን ነው።»

ቀለም ምንም እንደማይነግር ያን ቀን ገባኝ። ሁለቱም አረንጓዴ ተቀብተው ይወጡ ነበር። የወታደሩ ዋዝ በአራቱም ጎማ ላይ የራሱ ጥርስ ያለው ማርሽ አለው። ስለዚህ መሐሉ ላይ ያለው ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) አነስ ብሎ ከፍ ይላል። ከመሬት ያለው ክፍተት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሲቪሉ 22 ነው። የወታደሩ የካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ገመድ ደግሞ የሬዲዮ መገናኛን እንዳይረብሽ በብረት መረብ የተሸፈነ ነው። ሞተሩ ግን አንድ ነው። ይቺ ነጥብ ለእኔ ትልቅ ነበረች፤ «የሲቪል ስለሆነች ነው የደከመችው» ብዬ ላስብ ነበርና። እንዲያውም የጎማ ላይ ማርሽ ቀለል ባለ ዲፍረንሻል ስለሚካካስ የሁለቱ የመጨረሻ ምጣኔ (ጎማው አንዴ እስኪዞር ከማርሽ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ብዙ አይራራቅም፤ የወታደሩ 5.38፣ የሲቪሉ 5.125 ነው። የሲቪሉ ድምፁ ይቀንሳል። አራት ጎማ ላይ ዘይት ከማየትም ያሳርፋል። ከተማ ለከተማ ለሚነዳና አልፎ አልፎ ገጠር ለሚወጣ ሰው ዛሬ ብጠየቅ የሲቪሉን ነው የምመክረው።

ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፈተ። ጋሼ አንድ ካንዴላ ፈቱና መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት። ጥላሸት ነው። ጣታቸው ጠቆረ። «ይቺ መኪና እየበላች ነው እንጂ እየተነፈሰች አይደለም» አሉ። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሡ። የዋዝ ማጣሪያ ወረቀት አይደለም፤ ሥሩ ዘይት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ዕቃ ነው። አየሩ ዘይቱን እየላሰ ያልፋል፣ አቧራውም እዚያ ይቀራል። ጋራዡ ከምልክቱ በላይ፣ ያውም ወፍራም የተቃጠለ ዘይት ሞልቶበታል። በአፍህ ላይ እርጥብ ፎጣ እንደማሰር ነው። አጥበን በልኩ ስንሞላው የጉልበቷ የተወሰነ ክፍል እዚያው ተመለሰ። ሁለት ወርና 38 ሺህ ብር ከማውጣቴ በፊት የሚታየው ይሄ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ካርብራተሩ ነው። «ኦጋዴን ላይ እንዲህ አትታፈንም ነበር» አሉ ጋሼ። ምክንያቱን ቤት ገብቼ አሰላሰልኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር መጠኑ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያነሰ ነው። ካርብራተር ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን ለወፍራም አየር በተሠራች ቀዳዳ እንደ ልማዱ ያፈሳል። የተረፈው ቤንዚን ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ኡሊያኖቭስክ ላይ 75 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እኛ ጋ በጥሩ ቀኑ ከ60 አያልፍም። ቤንዚኑ ሲበዛበት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ቤንዚን የምታሳልፈው ክፍል ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ መሐሏ የመርፌ ዓይን የሚያህል ቀዳዳ አለ። ጋሼ ቀዳዳዋን በቆርቆሮ ብየዳ ደፈኗት። ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ ቀጭን መሰርሰሪያ ተዋስን። በኤሌክትሪክ አይደለም፤ በጣት እያሽከረከርን ነው የበሳናት። የመጀመሪያዋ ጠበበች፤ ሞተሩ ወደ ካርብራተሩ ያስነጥስ ጀመር። ትንሽ አሰፋን። እንጦጦ ወጥቶ መመለስ፣ ካንዴላ ፈትቶ ማየት። እንደገና። «ካንዴላው የገብስ ቆሎ ቀለም ሲይዝ ተወው» ብለውኝ ነበር። በአራተኛው ሙከራ የቆሎ ቀለም ያዘ። አየሩ ሳሳ ሲል ቃጠሎው ስለሚዘገይ እሳቱንም (ካንዴላው ብልጭ የሚልበትን ጊዜ) ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለው ክፍል) ላይ በጥቂት ዲግሪ አስቀደምነው። በሚቀጥለው እሑድ የእንጦጦን ዳገት አብዛኛውን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ። ጭስ የለም። በ100 ኪሎ ሜትር 24 ሊትር ትጠጣ የነበረችው ወደ 18 ወረደች።

እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ጉልበት ያለኝን ልናገር። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ነው። ከጦር ሜዳ የመጡ መኪኖች ሁሉ በዚህ ቁጥር ሲለኩ ያሳዝናሉ። ታዋቂው ሃመር እ.ኤ.አ. በ1992 ለሲቪል ሲሸጥ 6.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዞ 150 ፈረስ ብቻ ነበረው፤ ክብደቱ ሦስት ቶን ገደማ ነው። እሱም ጎማዎቹ ላይ እንደ ወታደሩ ዋዝ ማርሽ አለው። 300 ፈረስ ያገኘው ሊቀር ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የዋዝ ሞተር 2.45 ሊትር ነው፤ የመታመቅ ምጣኔው (አየርና ቤንዚኑ ከመቃጠሉ በፊት ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) 6.7 ለ1 ነው። ይህ በጣም ዝቅተኛ ነው። ዝቅ ያለው የትም ቦታ የተገኘ ደካማ ቤንዚን እንዲነዳው ነው። ሥራውን የሚሠራው ማርሹ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ትንሹን ሬሽዮ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረውን ተጨማሪ ማርሽ) ስታስገባ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 40 ጊዜ ይባዛል። ዳገት ላይ ነዳጅ ረግጦ ማስጮህ ልማዴ ነበር፤ ተውኩት። የፊቱን አክስል አስገባለሁ፣ ቀጥሎ ትንሹን ሬሽዮ፤ ከዚያ በእርጋታ እተዋታለሁ። ራሷ ትወጣለች።

ሁሉም ቀና አልሆነም። በ2010 ግንቦት ወደ አዋሽ ወረድኩ። አዋሽ ሰባት ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ለእንጦጦ የጠበበችው ቀዳዳ እዚያ ቤንዚን አነሳት። መተሐራን ሳልደርስ የሙቀት መለኪያው ቀይ ነካ። ቆሜ ባቀዘቅዛትም እምቢ አለች፤ ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ፈልቶ ተን ሆኗል። ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ጨርቅ አርጥብና ፖምፓው ላይ ጠቅልል፤ ከዚያ በእጅ ማንሻዋ ምታ» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ሁለት የነሐስ ብሎኖች ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዷ የደጋ፣ አንዷ የቆላ። ናዝሬት ላይ ለምሳ ስቆም እቀይራለሁ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቆላ ስወርድ እሳቱንም ወደ ቦታው እመልሳለሁ፤ አለዚያ ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል።

በ2011 ታኅሣሥ ጓሳ ሄድኩ። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ መገንጠል ነው፤ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። አብዛኛው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቀዝቃዛ፣ ኮረት፣ አቧራ። ዋዟ አንድ ቀን አልቆመችም። ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ አደርኩ፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። ባትሪው ሞቷል። የማስገፋው ሰው በአካባቢው የለም።

ከወንበሩ ሥር ማኖቬላውን (ሞተር በእጅ ማዞሪያውን ብረት) አወጣሁ። ጋሼ ያስተማሩኝን በቃሌ ደገምኩት። መጀመሪያ ያስቀደምኩትን እሳት ወደ ኋላ መለስኩ፤ አለዚያ ሞተሩ ተመልሶ ይመታል፣ እጅ ይሰብራል። አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አደረግሁ። ከታች ወደ ላይ ብቻ መሳብ፤ ወደ ታች መጫን የለም። መታመቁ ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ የዛሬ መኪና ቢሆን ንቅንቅም አይል። አንድ ጊዜ ሳብኩ፤ ተነፈሰና ቆመ። አየሩን ትንሽ ዘጋሁለት። ሁለተኛውን ስስብ ያዘ። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሣራቸው ተመለሱ።