ቅጠል ሲጎዳ ማን ይመዝግብ?

ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታካሚ ይመጣል። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስትሉት «ኧረ ምንም» ይላል። «ቅጠልስ?» ስትሉት ነው «እሱማ ጠጥቻለሁ» የሚለው። ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፤ ቅጠሉን ከመድኃኒት ስለማይቆጥረው ነው።

ጭንቁ ከዚህ በኋላ ነው። ሰውየው ቅጠሉን የጠጣው የወፍ በሽታ ይዞት ነው ወይስ ጉበቱን የጎዳው ቅጠሉ ራሱ ነው? የትኛው ቀደመ? ይህን ሊነግረን የሚችለው ቅጠሉን ከመስጠቱ በፊት የታካሚውን ዓይን ያየው የባህል ሐኪም ነው። እሱን ግን የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ የባህል ሐኪሞች መድኃኒት የሚያደርሰውን ጉዳት መከታተልና ማሳወቅ ይሠልጥኑ እላለሁ። ግን ምንም እንደማያውቁ ተቆጥረው አይደለም። ጥሩ አዋቂ ኮሶ ሲበዛ ሰው እንደሚጥል ያውቃል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ሲጠናበት ደግሞ ማርከሻውን ያቀርባል። የጎደለው መዝገብ ነው፤ የመዘገበውን የሚቀበለውም ሰው።

ሥልጠናው ታዲያ እጅ ላይ የሚቀር ነገር ይሁን። ሥሩ ነው ቅጠሉ፣ እርጥብ ነው ደረቅ፣ በስኒ ነው በጭብጥ የተለካው፣ ታካሚው የስኳር ወይም የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል ወይ፣ ሕመሙ በስንተኛው ቀን ጀመረ፤ እነዚህ ይጻፉ። ከሁሉም በላይ ከተክሉ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ጋዜጣ መሀል ተጭኖ ይድረቅ። ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ አንድ ስም እዚህና እዚያ ሌላ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ብራስልስ ውስጥ ውፍረት ለመቀነስ በሚሰጥ መድኃኒት ውስጥ አንድ የቻይና ዕፅ በስህተት አሪስቶሎኪያ በሚባል ሌላ ተክል ተተካ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ። የተሳሳተው ተክል ባይለይ ኖሮ ጉዳቱ ይቀጥል ነበር።

አሁን ከባዱ ነገር። ያሳወቀ ሰው የሚከሰስ ከመሰለው ማንም አያሳውቅም። ደግሞም መድኃኒቱ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ምስጢር ነው፣ እንጀራም ነው። «ቅመማውን ንገረን» ብሎ የሚጀምር አሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን አዳራሹን ባዶ ያደርገዋል። መጀመሪያ ምን እንደማይጠየቁ ይነገራቸው፤ መረጃው የት እንደሚደርስና ማን እንደሚያየውም።

የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለው፤ 8482 የሚባል ነፃ ስልክም አለ። ቅጹ ግን የተሠራው ለጤና ባለሙያ ነው። የገጠር አዋቂ ቁጭ ብሎ አይሞላውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአፍ ጠይቃ ብትሞላለት፣ ከዚያም ምን እንደተገኘ ተመልሳ ብትነግረው ነው ነገሩ የሚሠራው። መልስ ያላገኘ አዋቂ ሁለተኛ አያሳውቅም፤ አይፈረድበትም።