ለሱሉልታ የሚሆን ጊታር

ለሥራ ወደማላውቀው ከተማ በሄድሁ ቁጥር፣ ዕቃዬን ሆቴል ካስቀመጥሁ በኋላ በቅድሚያ የማጠያይቀው በአካባቢው የጊታር ሱቅ መኖር አለመኖሩን ነው። ባልደረቦቼ ይህን አመሌን ስለለመዱት እራት ላይ ሲያጡኝ አይጨነቁም። ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ መድረክ ላይ ወጥቼም አላውቅም። በወጣትነቴ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ጥቂት ኮርዶች ተምሬ ነበር፤ ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ ደግሞ በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሌሊት ሌሊት በሠራሁባቸው ዓመታት የረሳሁትን መልሼ አነሣሁት። ኋላ የተሻለ ሥራ አግኝቼ አሠሪዎቼ ወደ ሌሎች አገሮች ይልኩኝ ሲጀምሩ የሱቅ ጉብኝቱ ልማድ ሆነ። አሁን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ ቤት ሠርቼ የዓመቱን እኩሌታ እዚህ ስለምኖር ጉብኝቱ ሌላ ጉዳይ ተጨምሮበታል። የእህቴ ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል፤ እርሱና ጓደኞቹ «ጋሼ፣ ሲመለሱ አንድ ጊታር» ሳይሉኝ አውሮፕላን የተሳፈርሁበት ጊዜ የለም።

ጊታር መመርመር የተማርሁት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ሁለተኛው ጣቢያ በሆነው ዊተን፣ ቸክ ሌቪንስ በተባለው ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ እ.ኤ.አ. በ1958 ዋሽንግተን ውስጥ ኤች ጎዳና ላይ የተከፈተ ሲሆን፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ሁከት የከተማው ሱቅ ሲወድም ሥራው ዊተን ላይ ቀጠለ። መጀመሪያ ስገባ ያስገረመኝ የጊታሩ ብዛት ሳይሆን ማንም ሰው ከግድግዳው ላይ አውርዶ መጫወት መቻሉ ነበር። አገር ቤት ሳለሁ በማውቃቸው ሱቆች ጊታር ከባንኮኒው በስተጀርባ ይሰቀላል፣ «ልትገዛ ነው?» ሳይባልም አይወርድም። ነጋዴውን አልወቅስም፤ ያሉት ሁለት ጊታሮች ብቻ ሆነው አንዱ ቢጫርበት ኪሳራውን የሚሸከመው እርሱ ነው። ዊተን ላይ ግን የጋራዡን የደንብ ልብስ ሳልቀይር ገብቼ፣ የብዙ ወር ደመወዜን የሚያወጣ ጊታር ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልሁ። ሻጩ ቀረብ ብሎ ምንም ሳይናገር በጣቱ ወደ ቀበቶዬ ዘለበት አመለከተኝ፤ ዘለበቱን ወደ ጎን ሳዞረው አመስግኖኝ ሄደ። የጊታሩን ጀርባ ከሁሉ በላይ የሚጭረው ዘለበት መሆኑን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም፤ የእህቴ ልጅ ጓደኞችም ቤቴ ሲመጡ በቅድሚያ የሚሰሙት ይህንኑ ነው።

ከሱቅ ሱቅ ስዞር የራሴን የአመራረጥ ሥርዓት አበጀሁ። ድምፁን ከመስማቴ በፊት ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ከራስጌው እስከ ሳጥኑ እመለከታለሁ። አንገቱ በጥቂቱ ወደ ፊት መጉበጡ ደኅና ነው፤ ወደ ኋላ የጎበጠውን ወይም የተጠማዘዘውን ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ አውራ ጣቴን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራትታለሁ፤ ፍሬት የሚባሉት፣ አንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ጫፍ ከቧጨረኝ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ብረቱ ግን ባለበት ቀርቷል ማለት ነው። ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ ከፊተኛው እንጨት መላቀቅ ጀምሮ እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት እሞክራለሁ። ይህን ሁሉ ካለፈ ትዝታ እጫወትበታለሁ። በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሄድና አንዱ ኖታ ሳይሞት ሌላውን የማያቻኩል ቅኝት የጊታርን ጉድለት አይሸፍንም፤ ድምፁ ቶሎ የሚጠፋ ጊታር በትዝታ ወዲያው ይታወቃል። አንቺሆዬ ደግሞ ክሩን በጣት ገፋ እያደረጉ ድምፁን ማጥራት ይጠይቃል፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ዘመን የሰላም ስዩምን ጊታር የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። በሱቅ ውስጥ አብዛኛው ሰው አንድ ዓይነት የሮክ ቁርጥራጭ ጮክ አድርጎ ስለሚሞክር፣ ከጥግ ትዝታ ሲሰማ ሻጮች ቀና ማለታቸው አይቀርም።

በዚህ ረገድ ከሁሉም የማልረሳው ቶኪዮን ነው። ኦቻኖሚዙ ከተባለው የባቡር ጣቢያ ወጥቶ በሜይጂ ዩኒቨርሲቲ በኩል ቁልቁል ሲወረድ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጊታር ሱቆች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ብዙ ፎቅ ያላቸው ሆነው አንዱ ወለል ለቤዝ፣ ሌላው ለአኮስቲክ፣ ሌላው ለአሮጌ ጊታር የተለየ ነው። እዚያ እንደ ዊተን ራስህ ከግድግዳ አታወርድም፤ ትጠይቃለህ፣ ሻጩ ራሱ አውርዶ፣ ቃኝቶና በጨርቅ ወልውሎ በሁለት እጁ ያቀርብልሃል። ይህ ሥርዓት ለእኔ ለሐበሻው ከአሜሪካው ልቅነት ይልቅ ተመችቶኛል። በዕድሜ የገፉ አንድ ሻጭ የማይነሩን ትዝታ ስጫወት ቆመው ካዳመጡ በኋላ አብረውኝ ማንጎራጎር ጀመሩ። የጃፓን የቆዩ ዘፈኖች፣ በተለይ ኤንካ የሚሉት የትካዜ ዘፈን፣ ዮናኑኪ በተባለ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄዱ ናቸው፤ ሜጀሩ ከሜጀር ትዝታ፣ ማይነሩም ከማይነር ትዝታ ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። እኒያ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ያላቸው ዕውቀት ከማራቶን አያልፍም ነበር፤ ዜማው ግን ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ቀጣዩ ድምፅ የት እንደሚያርፍ አወቁት።

ስለ ለንደን ብዙ የምለው የለኝም። ዴንማርክ ስትሪት አጭር መንገድ ነው፤ ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀረጹበት ስቱዲዮ እዚያ ስለነበር ስሙ ከሱቆቹ ይበልጣል፤ በአካባቢው በተካሄደው ግንባታ ምክንያትም የሱቆቹ ቁጥር ከቀድሞው አንሷል። የጀርመኑ ግን ለሱሉልታ ነዋሪ ሊያስገርም የሚገባ ነው። ከአውሮፓ ትልልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጮች አንዱ የሆነው ቶማን የሚገኘው በበርሊን ወይም በሙኒክ አይደለም፤ በባቫሪያ፣ ከባምበርግ ራቅ ብላ በምትገኝ ትሬፐንዶርፍ በምትባል የገጠር መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያው ተመሠረተ፣ አሁንም እዚያው ነው። ከፍራንክፈርት ያገሬ ልጆች ጋር ሆኜ የሄድሁ ዕለት በመንገዱ ላይ ያየነው እርሻና ላም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ስንሄድ ጊታሩ አላልቅ አለን። የከተማ ዳር መሆን ለእንዲህ ያለ ሥራ እንቅፋት እንዳልሆነ ለወጣቶቻችን ደጋግሜ የማወራው ይህን ስላየሁ ነው።

ግራናዳ ውስጥ ወደ አልሃምብራ ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ኩዌስታ ደ ጎሜሬዝ በተባለው ዳገት ላይ ደግሞ ሱቁና ወርክሾፑ አንድ ናቸው። ጊታር ሠሪው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ እንጨት ሲልግ ይታያል፤ ወለሉ ላይ ፍቅፋቂ አለ፣ አየሩም ሙጫና ዝግባ ይሸታል። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዙት እ.ኤ.አ. በ1817 አልሜሪያ የተወለዱት አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ናቸው፤ የግራናዳ ሠሪዎችም በአብዛኛው እርሳቸው በቀየሱት መንገድ ይሠራሉ። ለፍላሜንኮ የሚሆነው በሳይፕረስ እንጨት ስለሚሠራ እጅግ ቀላል ነው፤ ሳነሣው ባዶ ሳጥን የያዝሁ መሰለኝ። የፊተኛው እንጨት በጣም ቀጭን ከመሆኑ የተነሣ ሠሪው በጣቱ መታ ሲያደርገው ራሱ ዜማ ይሰጣል። ዋጋውን ጠይቄ ከሰማሁ በኋላ አመስግኜ ወጣሁ፤ ለመግዛት አቅም ቢኖረኝም ግን ወደ ሱሉልታ አላመጣውም ነበር።

የዚህን ምክንያት ለማስረዳት ስለ አየር መናገር ግድ ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጊታር የሚሠሩት የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ በሚሆንበት ክፍል ውስጥ ነው፤ እንጨቱም ያንኑ ይጠብቃል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቀን ላይ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። በበጋ የጊታሩ የፊት እንጨት ይሰምጣል፣ ክሮቹ ዝቅ ብለው ፍሬት ይነካሉ፣ ድምፁም ይንጫጫል፤ ሲብስ እንጨቱ ከብሪጁ በታች ይሰነጠቃል። በክረምት ያው እንጨት አብጦ ክሮቹን ስለሚያነሣ ጣት ያሳምማል። ይህ የሚጎዳው በተለይ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራውን፣ ሻጩም «ምርጡ ነው» ብሎ የሚያቀርብልህን ጊታር ነው። ከሥሥ ንጣፎች ተነባብሮ የተሠራው፣ አናጺዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉት ዓይነት፣ የአንዱ ንጣፍ አቅጣጫ ሌላውን ስለሚይዘው እምብዛም አይኮማተርም። ድምፁ ከወጡ እንጨት ያንሳል፤ እርሱን አልክድም። ሆኖም በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ፣ ያለ እርጥበት መቆጣጠሪያ ለሚቀመጥ፣ በሚኒባስ ታጭቆ ለመዘምራን ልምምድ ለሚሄድ ጊታር እንደ ያማሃ ኤፍ 310 ያለው ኮምፔንሳቶ የተሻለ ነው ብዬ እሟገታለሁ። ዲያስፖራው ለዘመዱ ውድ የሆነውን ይዞ ሲመጣ ክብር የጨመረለት ይመስለዋል፤ በጥር ወር ተሰንጥቆ ወደ እኔ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ያ ውዱ ነው። ወጥ እንጨት ላለው ሰው የምመክረው ቀላል ነገር ነው፤ የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ በጋለ ምስማር ተበስቶ፣ ውስጡ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ተደርጎ፣ ጊታሩ ባለበት የተዘጋ ኬዝ ውስጥ ይቀመጥ፤ ስፖንጁ በደረቀ ቁጥርም ይርጠብ።

ይህን ክርክር ከእህቴ ልጅ ጋር የጀመርሁት ፔንሲልቬንያ የሚገኘውን የማርቲን ፋብሪካ ከጎበኘሁ በኋላ ነው። ማርቲን ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሰድዶ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1833 ኒው ዮርክ ውስጥ የመሠረተ ባለሙያ ነው፤ ፋብሪካው ዛሬ ያለው ናዝሬት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዚያው ሆኜ ስልክ ደውዬ «ናዝሬት የተሠራ ጊታር እያየሁ ነው» ብለው፣ ልጁ «ታዲያ ጋሼ፣ አዳማ ከተሠራ ምን ብለው ከአሜሪካ ይሸከሙታል?» አለኝ። በዚያ ሙዚየም ያሉት የቆዩ ጊታሮች ጀርባ በአብዛኛው የብራዚል ሮዝውድ ነው። አሮጌ ጊታር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን እንጨት ማወቅ ይኖርበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶችም በ2017 ቁጥጥር ተደርጎባቸው ነበር፤ ካለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ ግን ቁጥጥሩ በ2019 ተነሥቷል።

ስለ ጉዞው የምጨምረው ጥቂት ነው። ለአሜሪካ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግና በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ በሚሳፈሩበት ጊዜ ከራስ በላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ካለ ጊታር ይዞ መግባትን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ቀድሞ መሰለፍ ዋጋ አለው። በሌሎች አገሮች አየር መንገዶች ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። በዕቃ ክፍል የሚጫን ከሆነ ጠንካራ ኬዝ ያስፈልጋል፤ ክሮቹን ጥቂት ማላላት፣ ራስጌው ኬዙ ውስጥ እንዳይወዛወዝ ከሥሩና ከላዩ ሹራብ መጠቅጠቅም እንዲሁ። ከጊታሩ ጋር አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ የሚያጠብቀውን ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ከሱቁ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ልኩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ እዚህ የሚገጥመውን ማግኘት ያደክማል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካለ ደግሞ ከሁለተኛ ጊታር ይልቅ ክር መግዛት ይበልጣል። የመዘምራኑ ልጆች የዛገ ክር ቀቅለው ሲያስሩ አይቻለሁ፤ ቅባቱ ስለሚለቅ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይመለሳል፣ ከዚያ ይበጠሳል።

በዚህ ሰሞን አንድ አዲስ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ከመዘምራኑ መካከል ዝምተኛ የሆነች ልጅ ሁሌ ከኋላ ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ ጊታር አትነካም ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ጋሼ፣ እኔ ግራኝ ነኝ፤ የእነሱን ስይዘው ይገለበጥብኛል» አለችኝ። ክሮቹን ማዘዋወር ብቻውን አይበቃም፤ ክሩ የሚያርፍባቸው ጎድጓዶች ለወፍራሙና ለቀጭኑ ክር በልክ የተሞረዱ ስለሆኑ ከራስጌው ያለው አጥንት መቀየር አለበት፣ ብሪጁ ላይ ያለውም ዘንበል ያለው ለቀኝ እጅ ነው። ዊተን ውስጥ የግራኝ ጊታር ቢኖር አንድ ሁለት ነው፤ ኦቻኖሚዙ ግን ምርጫ አለ። በሚያዝያ ለሥራ ወደዚያ ስለምሄድ የእጇን ልክ ወረቀት ላይ አስነድፌ ይዤዋለሁ፤ የምገዛው ኮምፔንሳቶ እንደሚሆንም ከአሁኑ ነግሬአታለሁ።