በ«ሃዝባንድ» ውስጥ ያለው ቤት

ባለፈው ክረምት በግቢያችን ተከራይታ የምትኖር የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ቡና እየጠጣን ሳለ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ አኒማል ሃዝባንድሪ የሚሉት የእንስሳት ባልነት ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ይህን አስበልጣለሁ።

«ሃዝባንድ» ዛሬ ባል ማለት ይሁን እንጂ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1000 ዓ.ም. ገደማ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ከጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሁለት ቃላት ጥምር ነበር፤ «ሁስ» ቤት ነው፣ «ቦንዲ» ደግሞ በገዛ መሬቱ የሚኖር ገበሬ ነው። ስለዚህ «ሁስቦንዲ» ሚስት ቢኖረውም ባይኖረውም የቤቱ ጌታ ነበር፤ የትዳሩ ትርጉም ኋላ የመጣ ነው። የቤት ጌታ መሬቱን ያርሳል፣ ከብቱን ያረባል፣ ጎተራውንም በቁጠባ ይይዛልና፣ ግብርናውና እርባታው «ሃዝባንድሪ» ተባለ፤ ሀብትን ቆጥቦ መያዝም እስከ ዛሬ በራሱ በ«ሃዝባንድ» በግስነት ይነገራል።

ተማሪዋን ያሳመናት ግን የኖርሱ ታሪክ ሳይሆን «ባለቤት» የሚለው የራሷ ቃል ነው። እርሱም ከቤት ተነሥቶ ወደ ትዳር የደረሰ ነው፤ የሚለየው ለወንድም ለሴትም መሆኑ ነው፣ እኛ የሰዋስው መምህራንም የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ በእርሱ እንጠራለን። በ«ሃዝባንድ» ውስጥ ግን «ሃውስ» የሚለው ድምፅ ስላጠረ፣ ተናጋሪው ራሱ ቤቱን አያየውም።

የሴቲቱ ስም ዕጣ ከዚህ ይከፋል። «ሃውስዋይፍ» የቤት እመቤት ነበረች፤ ቃሉ በአፍ ጥድፊያ አጥሮ «ሀሲ» ሆነና ውሎ አድሮ የባለጌ ሴት ስድብ ሆኖ ቀረ። የእኛው «እመቤት» በአፈጣጠሩ የቅርብ ዘመዱ ነው፦ በግእዝ «እም» እናት ናትና፣ እመ ቤት የቤት እናት ማለት ነው። ይሁንና ይህ ቃል ከጓዳ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት በቁስቋም ደጅ የሚሳለም ምእመን ድንግል ማርያምን የሚጠራት «እመቤቴ» እያለ ነው። የእኛም ቃል ከማጠር አልዳነም፤ «እሜቴ» የሚለው የትልልቅ ሴቶች የአክብሮት መጠሪያ ከዚሁ የመጣ ነው። ያን ዕለት ቡናውን ያፈሉልን እናትም በሰፈራችን እሜቴ ነው የሚባሉት።