የካሴቱ ጫፍ

ለንደን ውስጥ ሁለት አቢ ሮድ አለ። እኔ የምፈልገው ታዋቂው የሙዚቃ ስቱዲዮ ያለበትን ነበር፤ መጀመሪያ የሄድኩት ግን የተሳሳተው ጋ ነው።

በምሥራቅ ለንደን፣ ከዌስት ሃም አንድ ፌርማታ አለፍ ብሎ፣ «አቢ ሮድ» የሚባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ አለ። ወረድኩና ዞር ዞር አልኩ። ስቱዲዮ የለም። ቱሪስት የለም። አንድ ማስታወቂያ ብቻ ተለጥፏል። የምትፈልጉት አቢ ሮድ ይሄ አይደለም፣ በጁብሊ መስመር ወደ ሴንት ጆንስ ውድ ሂዱ ይላል። ማስታወቂያ እስኪለጠፍበት ድረስ ስንቱ እንደኔ ተሸውዷል ማለት ነው! ትንሽ ተጽናናሁ።

ለንደን የሄድኩት ለሥልጠና ነበር። ሥልጠናው አርብ አለቀ፤ የመመለሻ ትኬቴ ማክሰኞ ነው። ሶስት ቀን በእጄ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤተ መንግሥቱን ያያል፣ ኦክስፎርድ ስትሪት ሄዶ ለዘመድ ጫማ ይገዛል። እኔ ሶስቱንም ቀን ለእንግሊዙ የሮክ ባንድ ለፒንክ ፍሎይድ ሰጠሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሴት ነው። ታላቅ ወንድሜ አንድ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ነበረው። በአንዱ ገጽ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የሚባለው አልበማቸው፣ በሌላው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»። ከማን ሸክላ እንዳስቀዳው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ፒንክ» ብቻ ተጽፎበታል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባንም ነበር። እኛ የምንሰማው ሰዓቱን፣ ሳንቲሙን፣ የልብ ትርታውን ነው። አንዲት ሴት ያለ ምንም ቃል የምትጮህበት ዘፈን አለ፤ እኔና ወንድሜ «ሙሾዋ» ነበር የምንለው።

አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን በላው። ወንድሜ ክሩን በጥንቃቄ ጎትቶ አወጣ። የተጨማደደውን በመቀስ ቆረጠ፤ ጫፉን በስኮች ለጠፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የ«ዊሽ ዩ ዌር ሂር» አልበም መጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። ኪቦርዱ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄድና ቀጭ! ቁልፉ ብድግ ይላል። እኔ ዘፈኑ እንዲያ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሲዲም መጣ፣ ኢንተርኔትም መጣ፤ ጆሮዬ ግን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አልቋል ብሎ ይነሳል። ለነገሩ ታክሲ ውስጥ በስልክ ለሚሰማ ሰው ያ እየሳሳ የሚሄድ ድምፅ ቢኖርም ባይኖርም አይታወቅም።

(የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እውነተኛው አቢ ሮድ ስደርስ ሊመሽ ምንም አልቀረውም። ዜብራው ላይ አራት አራት እየሆነ የሚሻገረው ሕዝብ የቢትልስ ወዳጅ ነው፤ እነሱ ለአልበማቸው ሽፋን እዚሁ ሲሻገሩ ፎቶ ተነስተዋል። አንዱ ጫማውን አውልቆ ሲሻገር ሾፌሮቹ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ስቱዲዮው ለጎብኚ ዝግ ነው። ነጩን አጥር ግን ሰው በእስክሪብቶ ሞልቶታል፤ እየቆየ ቀለም ይቀባና እንደገና ይጻፍበታል። እኔ የምፈልገው በሩን ማየት ነበር። ያ በር ካሴታችን ውስጥ አለ። የስቱዲዮው በር ጠባቂ የነበረው ጄሪ ኦድሪስኮል ነው «ዳርክ ሳይድ» መጨረሻ ላይ፣ የልብ ትርታው ሳይጠፋ፣ ጨረቃ ጨለማ ጎን የላትም፣ እንዲያውም ሁለመናዋ ጨለማ ነው የሚለው። የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሮጀር ዋተርስ ጥያቄዎች በካርድ ላይ ጽፎ እስቱዲዮው ውስጥ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ነበር። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒም ተጠይቋል፤ የሱ መልስ ወደቀ፣ የበር ጠባቂው አለፈ።

አጥሩ ጋ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ቲሸርታቸው ላይ ያቺ ሶስት ማዕዘን አለች፤ ነጭ ብርሃን ገብቶባት ቀስተ ደመና ሆኖ የሚወጣባት። በዚያ ሁሉ የቢትልስ ሰው መሃል ሁለት ዘመዳሞች እንደተገናኘን ነው የቆጠርነው። ወዲያው ወደ ዋናው ጥያቄ ገባን፦ የትኛው አልበም?

የፒንክ ፍሎይድ ወዳጅ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጎራ አለው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሲድ ባሬት በ1968 ሲወጣ ባንዱ አብሮ ሞቷል የሚሉ አሉ፤ ለነሱ ከ1967ቱ የመጀመሪያ አልበም ወዲህ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። በ«ዘ ዎል» የሚምሉ አሉ። ዋተርስ ከሄደ በኋላም የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ይበቃናል የሚሉ አሉ፤ እነዚህን ሌሎቹ እምብዛም አያከብሯቸውም። ሽማግሌው የ1971ዱ «ሜድል» ሰው ናቸው። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ በሙሉ አንድ ዘፈን ነው፣ «ኤኮስ»፣ 23 ደቂቃ። ከፒያኖ በምትወጣ አንዲት ኖታ ይጀምራል፤ ጠብ የምትል ውሃ ትመስላለች። «ከዚያች ጠብታ በኋላ የመጣው ሁሉ እሷኑ ማብራራት ነው» አሉኝ።

እኔ «አኒማልስ» ስል ሳቁ። ሁልጊዜ ይሳቃል። የመናደድ አልበም ነው፤ ሬዲዮ ላይ የሚሆን ዘፈን የለውም። ስለ «ዳርክ ሳይድ» ግን ተስማማን። ከ1973 እስከ 1988 የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት የተቀመጠ አልበም ምን ክርክር አለው? ይልቅ የተሠራበትን መንገድ ነው ያወራነው። «መኒ» የሚለው ዘፈን የሚጀምርበት የሳንቲምና የገንዘብ መመዝገቢያ ድምፅ አለ አይደል? ዛሬ ኮምፒውተር በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። እነሱ እያንዳንዱን ድምፅ ቀዱ፣ ክሩን በማስመሪያ ለክተው ቆረጡ፣ ሰባቱን ቁራጭ አገጣጥመው ለጠፉ፣ ቀለበት አድርገው አዞሩት። ዘፈኑ በሰባት የሚቆጠረው ለዚህ ነው። እኔም የወንድሜን መቀስና ስኮች ነገርኳቸው። ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ሙሾዋ»ንም ጠየቅኳቸው። ክሌር ቶሪ ትባላለች። በጥር 1973 አንድ እሁድ ማታ ተጠርታ መጣች፣ ያለ ቃል አለቀሰችው፣ 30 ፓውንድ ተከፍሏት ሄደች። በዜማው ድርሻዬ ይታወቅልኝ ብላ ከሳ ስሟ የገባው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ሽማግሌው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በሐምሌ 2005 ሃይድ ፓርክ እንደነበሩ ነገሩኝ። በ1985 ለኛው ለሰባ ሰባቱ ረሃብ የተዘጋጀው ላይቭ ኤድ ሃያኛ ዓመቱ ሲታሰብ መሆኑ ነው። በ85ቱ ዌምብሌይ ላይ ጊልሞር ለሌላ ዘፋኝ ጊታር ሊመታ ብቻ ነበር የወጣው፤ ዋተርስና እሱ በዚያን ጊዜ ዓይንና ናጫ ነበሩ። በ2005 ግን አራቱ፣ ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይትና ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን፣ ከ24 ዓመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ዋተርስ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» የሚለውን ዘፈን እዚህ ለሌሉት ሁሉ፣ በተለይ ለሲድ ብሎ ሰጠ። ሲድ በዓመቱ ሞተ፤ ራይት በ2008። አራቱ ከዚያ በኋላ አልተሰበሰቡም።

እኔ ያንን ቪዲዮ ያየሁት ኢንተርኔት ቤት ነው፤ እየቆመ እየተነሳ። አራት ዘፈን ለማየት የአንድ ሰዓት ሒሳብ ከፈልኩ። በኛ ረሃብ ምክንያት የተጀመረ ነገር እነዚያን ሰዎች አንድ ማታ እንዳስታረቀ ሳስበው ምን እንደሚሰማኝ ዛሬም አላውቅም። ሽማግሌውም ብዙ አልተናገሩም።

ልንለያይ ስንል ነው ያቺን ጥያቄ ያመጧት።

«የ‹ዊሽ ዩ ዌር ሂር› መጨረሻ ላይ ራይት ምን እንደሚጫወት ሰምተሃል?»

«የቱ መጨረሻ?»

አዩኝ። «እንግዲያው አልነግርህም። ሄደህ ስማው። ግን አውቶቡስ ውስጥ እንዳትሰማው።»

ሌሊቱን ሙሉ እጄ ወደ ስልኩ ሄደ። አልከፈትኩትም። ሰኞ ካምብሪጅ እሄዳለሁ፤ እዚያ ይሁን አልኩ።

እሁድ የአክስቴ ልጅ ከቅዳሴ መልስ መጣች። ለንደን ከገባች አሥራ ምናምን ዓመቷ ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ባተርሲ ልወስድሽ ነው እንጂ ልትወስጂኝ አይደለም አልኳት። ቴምዝ ማዶ፣ ቼልሲ በኩል ቆመን አራቱን ጭስ ማውጫዎች አየናቸው። ይህን የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነደፈው ጋይልስ ጊልበርት ስኮት ነው፤ ቀዩን የስልክ ዳስም የነደፈው እሱ ነው። የ«አኒማልስ» ሽፋን ላይ በሁለቱ ጭስ ማውጫዎች መሃል አንድ አሳማ ይበራል።

አሳማው እውነተኛ ፊኛ ነው፤ 12 ሜትር። በታኅሣሥ 1976 ለፎቶ ተነፋ። በመጀመሪያው ቀን ቢያመልጥ መትቶ የሚጥለው ተኳሽ ተቀጥሮ ነበር፤ አሳማው ግን አልበረረም። በማግስቱ ተኳሹን መቅጠር ተረሳ። አሳማው ያን ቀን ገመዱን በጥሶ ሄደ! ሂትሮው የሚያርፉ አውሮፕላኖች ተስተጓጎሉ። ማታ ኬንት ውስጥ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ወደቀ። ሽፋኑ ላይ ያለው ሰማይ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ደመናው አምሮ ስለነበር አሳማውን በኋላ ለጠፉበት። ይሄም መቁረጥና መለጠፍ ነው።

ይሄን ሁሉ ስተርክላት ቆየሁ። እሷ በዝምታ ሰማችኝና፣

«ቆይ፣ በሰንበት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አሳማ ልታሳየኝ ነው ያመጣኸኝ?» አለች።

ምን ይባላል? ገብተን ማኪያቶ ጋበዝኳት። ማመንጫው በ1983 ሥራ ካቆመ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ኦና ሆኖ ከረመ። በጥቅምት 2022 የገበያ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ፤ ላይኛው ፎቅ የአፕል ቢሮ ነው። ጭስ ማውጫዎቹ እንኳ ፈርሰው እንደገና የተሠሩ ናቸው። በአንዱ ውስጥ አሳንሰር አለ፣ ወደ 109 ሜትር ከፍታ ያወጣል። እኔ አልወጣሁም። ውሾች፣ አሳማዎችና በጎች ብሎ ሰውን በሶስት የመደበ፣ ገንዘብ አሳዳጁን በ17 ደቂቃ ዘፈን የተራገመ አልበም ሽፋኑ ላይ ያደረገው ሕንፃ ዛሬ የሽቶ መደብር ነው። ዋተርስ ቢያስበውም ይሄን ያህል አይሳካለትም ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ሕንፃውን ወደደችው። ሽቶም ገዛች።

ሰኞ ጠዋት ከኪንግስ ክሮስ ተነሳሁ። ካምብሪጅ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ባቡሩ ፖተርስ ባርን ሲያልፍ በመስኮት ላም ፈለግኩ፤ የ1970ው «አተም ሃርት ማዘር» ሽፋን ላይ ያለችው ላም ፎቶ የተነሳችው እዚያ አካባቢ ነው። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም የለም፣ የአልበሙ ስም የለም፣ ላም ብቻ። አንድም ላም አላየሁም። ቤትና መኪና ብቻ።

ሲድ ባሬት የካምብሪጅ ልጅ ነው። ጊልሞርም እንደዚሁ፤ ተማሪ እያሉ ምሳ ሰዓት ላይ አብረው ጊታር ይነካኩ ነበር። በኋላ ጊልሞር የጓደኛውን ቦታ ወሰደ። «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»ን እየሠሩ ሳለ ደግሞ፣ ሰኔ 5 ቀን 1975፣ አንድ ወፍራም ሰው አቢ ሮድ ገብቶ ቆመ። ጸጉሩን ተላጭቷል። ቅንድቡንም ተላጭቷል። ማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ፈጀባቸው። ሲድ ነበር። እነሱ ደግሞ ስለሱ የተጻፈውን «ሻይን ኦን» የሚለውን ዘፈን እየሠሩ ነበር።

ኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ሥዕል እየሣለ፣ አትክልት እየተከለ ኖረ። ወዳጅ ነን ባዮች በሩን እያንኳኩ ያስቸግሩት ነበር። ስለዚህ ቤቱን አልፈለግኩም። በወንዙ ዳር ወደ ግራንትቼስተር በእግሬ ሄድኩ። ሶስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋተርስ በ1969 ስለዚህ ሜዳ ዘፍኗል፤ ዘፈኑ ውስጥ ወፍ ትዘምራለች፣ አንዲት ነፍሳት ጥዝ እያለች ትዞራለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ያሳድዳትና ጧ ያደርጋታል። የኔ ቀን ነፍሳት የሌለበት ነው፤ ጥቅምት ነው፣ ሣሩ ርጥብ ነው።

ላሞቹ ግን እዚህ ነበሩ። አንዷ ዞር ብላ ልክ እንደ ሽፋኑ ታየኝ ጀመር።

ጃኬቴን አንጥፌ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ 44 ደቂቃ። አንድ ሯጭ አለፈ። ውሻ መጥቶ አሸተተኝ። የሚቆረጥበት ቦታ ሲደርስ ራሴን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ኪቦርዱ እየራቀ ሄደ። ቀጭ ማለት ነበረበት። አላለም። ቀጠለ፣ ሳሳ፣ ከዚያ ከውስጡ ሌላ ዜማ ብቅ አለ። ጥቂት ኖታ ነው። የማውቀው ዜማ ነው፤ ሲድ በ1967 የጻፈው «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ»። ራይት የጓደኛውን ዘፈን በሩቅ፣ ሊሰማ እስከማይችል ቀስ አድርጎ ተጫውቶ ወጣ።

ወደ ኋላ መለስኩት። ሶስት ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ያቺን ቁራጭ ቀድቼ በቴሌግራም ለወንድሜ ላክኩለት፤ «የቆረጥክብኝ ይሄን ነበር» ብዬ።

መልሱ የመጣው ባቡር ጣቢያ ስደርስ ነው።

«እኔ አይደለሁም፣ ቴፑ ነው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ጫማ ገዛህልኝ?»