የማታ ጥናት

ሰው ሩዋንዳ የሚሄደው ጎሪላ ለማየት ነው። እኔ የሄድኩት ትምህርት ቤት ለማየት ነው። ሃያ ዓመት ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው ሌላ ምን ያያል? ኒያንጌ በሚባል ገጠር ያለ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ ከራሴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ ፈተናዬን አርሜ፣ ማርክ አስገብቼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ በረርኩ። ጃንጥላው ለከንቱ ነው። እኛ ጋ ዝናብ ሲጀምር እዚያ በጋ ነው፤ አቧራው ብቻ።

ኪጋሊ ኤርፖርት ላይ ጫማዬን የጠቀለልኩበትን ፌስታል ቀሙኝ። አገሩ ፌስታል የከለከለው በ2008 ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ስለ ከተማዋ ጽዳት የሚወራው ሁሉ እውነት ነው። መጀመሪያ ቀን ተደነቅኩ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ሶፍት የምጥልበት አጥቼ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ተናደድኩ።

ሞቶ የሚሏት የሞተር ሳይክል ታክሲ አለች። ሹፌሩ ለተሳፋሪም ሄልሜት ይሰጣል፤ ካልደፋህ አይንቀሳቀስም። ደስ ይላል፣ ሽታው ግን! ከእኔ በፊት የተጓዘው ሰው ሁሉ ላብ እዚያ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ሹፌር ሦስት ሺህ ፍራንክ ተቀበለኝ። ማታ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ “አንድ ሺህ ነበር እኮ” ብሎ ሳቀብኝ። በላኝ ማለት ነው። ለሦስት ቀን ይህን ነገር ሳሰላስል ከረምኩ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ግን አስደሰተኝ። ልጁ ከዘበኛው ጋር በቋንቋቸው ሲያወራ “ሳ ምቢሪ” ሲል ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ለእኔ በእንግሊዝኛ “ስምንት” ያለኝን ለዘበኛው “ሁለት” አለው። ለካ እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ለእንግዳ ሲሆን ይቀይሩታል፣ ልክ እኛ እንደምናደርገው። ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

አርብ ጊሶዚ ሄድኩ፤ የዘር ጭፍጨፋው መታሰቢያ ነው። ከ250,000 በላይ ሰው እዚያ ኮረብታ ላይ አርፏል። ስለ አጽሙ አልጽፍም። ዓይኔ የቆመው መታወቂያ ካርዶቹ ላይ ነው። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ ያመጡት ነው፤ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ የሚል መስመር አለበት። በ1994 የመንገድ ኬላዎቹ ላይ ያ መስመር ነበር የሚያስገድለው። እኔም ብሔር የሚል መስመር ያለው የቀበሌ መታወቂያ ለዓመታት በኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ፤ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። የሕጻናቱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የልጁ የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው ጨዋታ፣ እንዴት እንደሞተ ተጽፏል። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ወጣሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ኒያቡጎጎ መናኸሪያ ልሄድ ስወጣ መንገዱ ባዶ። አንድም መኪና የለም። ልብ ሳልል የሄድኩት በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ኡሙጋንዳ ይሉታል፤ ሰው ሁሉ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ለሰፈር ሥራ ይወጣል፣ እስከ አምስት ሰዓት ትራንስፖርት ይቆማል። አንድ ፖሊስ በትሕትና ወደ መጣሁበት መለሰኝ። ቁርስ የለ፣ አውቶቡስ የለ። ቆሜ ሰው ሲያጸዳ አየሁ። አንዲት አሮጊት እጄን አይታ መጥረጊያዋን ሰጠችኝ። ጠረግኩ እንግዲህ።

ወደ ኒያንጌ መንገድ ላይ ወዳለችው ሙሃንጋ ከተማ የሚሄደውን ኮስተር የተሳፈርኩት ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ሂሳቡ አንድ ሺህ ምናምን ፍራንክ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ጉልበታቸው ላይ የታሰረ የደብተር ክምር ነበራቸው። ደብተር ሲታረም በሩቁ አውቃለሁ። “መምህር ነዎት?” አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ እስክንለያይ “ምዋሪሙ” እያሉ ነው የጠሩኝ፤ መምህር ማለት ነው። ኒያንጌ አካባቢ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት። ለዓመታት በፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ቆይተው በ2008 መንግሥት የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን አለ። “ማታ ያጠናሁትን ጠዋት አስተምር ነበር” አሉኝ። “ተማሪዎቼን የምቀድመው በአንድ ገጽ ነው።”

ስለ ራሳቸው ትምህርት ቤት ጠየቅኳቸው። አንደኛ ደረጃ እያሉ፣ ከ1994 በፊት መሆኑ ነው፣ የዓመቱ መጀመሪያ ላይ መምህሩ “ሁቱዎች ተነሡ፣ ቱትሲዎች ተነሡ” ብሎ ይቆጥር ነበር። ቁጥሩ ለኮታ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚያልፈው በውጤት ብቻ አልነበረም። እሳቸው ሁለቱም ጊዜ አልተነሡም። ምን እንደሆኑ አያውቁም ነበር። ክፍሉ ሳቀባቸው፣ መምህሩ “ማታ ቤት ጠይቀሽ ነይ” አላቸው።

“ታዲያ ምን ነበሩ?” አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርሬ የሄድኩት ለዚሁ ነው? እሳቸው ምንም አላሉም። መስኮቱን እያዩ ቆዩ። ሙሃንጋ ልንገባ ስንል ግን ራሳቸው ጀመሩ። “ያ መምህር እኮ ጎበዝ ነበር። ሒሳብ የገባኝ በእሱ ነው።” ሌላ አልጨመሩም። ስንወርድ ስልካቸውን አውጥተው ኒያንጌ ያለ ሰው ጋ ደወሉና ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚወስዱኝ ነገሩኝ። ከዚያ ጥያቄ በኋላ ለምን እንደረዱኝ እስካሁን አልገባኝም።

የዚያን ሌሊት ነገር ባልናገር ይሻላል፣ ግን እናገራለሁ። ሙሃንጋ ያደርኩበት ማረፊያ ከቡና ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሙዚቃው እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አጎበሩ ቀዳዳ ነው፤ ትንኟ በቀዳዳው ገብታ መውጫው ጠፋባት፣ ሁለታችንም አብረን ታሰርን። በአሥራ አምስት ሺህ ተስማምተን ጠዋት ሃያ ሺህ አሉኝ። ተጨቃጭቄ በአሥራ ሰባት ወጣሁ።

ከሙሃንጋ ኒያንጌ መንገዱ ኮረብታ በኮረብታ ነው፣ ሙዝና ሻይ ቅጠል። መምህርቷ እንዳሉት መጡ፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው። መጀመሪያ ያሳዩኝ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን የነበረበትን ቦታ ነው። በኤፕሪል 1994 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው እዚያ ተጠልሎ ሳለ ሕንጻው በቡልዶዘር ላዩ ላይ ተናደ። የደብሩ ቄስ በዚህ ጉዳይ ታንዛኒያ፣ አሩሻ በነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸዋል። ቄስ ናቸው፤ የተማሩ ሰው።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ማርች 18 ቀን 1997፣ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 1989 መሆኑ ነው፣ ተማሪዎች እራት በልተው ማታ ጥናት ላይ ነበሩ። የአምስተኛና የስድስተኛ ዓመት ልጆች። ታጣቂዎች ገቡ። ሁቱዎች በዚህ፣ ቱትሲዎች በዚያ ሁኑ አሏቸው። ልጆቹ እምቢ አሉ። ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን አሉ። ተኮሱባቸው፣ ቦምብ ወረወሩባቸው። ስድስት ተማሪዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ዛሬ የሞቱትም የተረፉትም በአገሪቱ የጀግኖች መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 1 ይታሰባሉ።

እኔን ለዓመታት የያዘኝ ጥያቄ ይኼ ነው፤ ማን አስተማራቸው? እያንዳንዱ ልጅ ከ1994 የመጣ ነው። አንዱ ወላጆቹን ያጣ፣ የሌላው አባት እስር ቤት ያለ። ተረኛ የነበረው ወጣት መምህር ግቢውን እያዞረ ሲያሳየኝ ይህንኑ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ያኔ የታሪክ ትምህርት እንኳ ቆሞ ነበር። ከጭፍጨፋው በኋላ ምን ብለን እናስተምር የሚለው ስላልተቆረጠ ለዓመታት ታሪክ አይሰጥም ነበር። አሁን ከ2015ቱ ሥርዓተ ትምህርት ወዲህ ሰላምና እሴት በየትምህርቱ ውስጥ መግባት አለበት። “በሒሳብም?” አልኩት። “በሒሳብም” አለ፣ ፈገግ ብሎ። የፈገግታውን ዓይነት አውቀዋለሁ፤ መመሪያ የመጣለት መምህር ፈገግታ ነው።

አልፈርድም። እኛም ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ነበረን። 98 ያመጣ ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ድንጋይ ይዞ ጓደኛውን ሲያባርር አይቻለሁ። የመለስኩለት ወረቀት ገና ቦርሳው ውስጥ ነው።

መምህርቷ ግን መልስ ሰጡኝ፣ መልስ ከተባለ። “አዳሪ ነበሩ” አሉ። “አንዱ ሲታመም ውኃ የሚቀዳለት ሌላው ነው።” ቆየት ብለው ደግሞ “ሌላ አዳሪ ትምህርት ቤት ግን በ1994 ልጆቹ ራሳቸው ጓደኞቻቸውን ጠቁመዋል” አሉና የራሳቸውን መልስ አፈረሱት። ሌላው የጭፍጨፋ መታሰቢያ ሙራምቢ እንድሄድም መከሩኝ። እዚያ የተገደሉት ሰዎች የተሰበሰቡት ገና ተሠርቶ ባላለቀ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ ትጠበቃላችሁ ተብለው። አልሄድኩም። አቅም አጣሁ።

ሳር ላይ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። የክፍል ኃላፊ በነበርኩበት አንድ ዓመት ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየተመራረጡ መቀመጥ ጀመሩ። አይቻለሁ። ጸጥታው ስለተመቸኝ ተውኩት። ክፍሌ የማይረብሽ ክፍል ተብሎ ርዕሰ መምህሩ አመስግኖኛል። እሳቸው ሻያቸውን ጨረሱ። “ስንት ተማሪ ነበሩ?” አሉኝ። “ስልሳ ስምንት።” “ብዙ ነው” አሉ። ሌላ አላሉም።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ደወል ተደወለ። የማታ ጥናት። ልጆቹ ደብተራቸውን ታቅፈው፣ አንዳንዶቹ ፎጣ አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ ወደ ክፍል ገቡ። በመስኮት ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እያየሁ ነው። ቁመታቸውን፣ አፍንጫቸውን። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ሲገባኝ ፊቴ ጋለ። ከኋላ ያለች አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችኝና ለጎረቤቷ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ሁለቱም ሳቁብኝ።

የመጨረሻዋ ሚኒባስ አምልጣኛለች። መምህርቷ መንገድ ዳር ድረስ ሸኝተውኝ አንድ ሞቶ አስቆሙልኝ። በጨለማ እስከ ሙሃንጋ ስምንት ሺህ አለ ሹፌሩ። መምህርቷ ሊከራከሩልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ሄልሜቱን ተቀብዬ ደፍቼ ነበር።